2,144 ዶላር ይባላል፤ ኪስ የሚገባው ግን ስንት ነው?

የአሜሪካ ምልምል ወታደር የደመወዝ ወረቀት ሲመረመር

የአሜሪካ ጦር ለአዲስ ወታደር የሚከፍለው ደመወዝ ምስጢር አይደለም። መንግሥት በየዓመቱ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ጄኔራሉም ምልምሉም እዚያው ወረቀት ላይ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ተደርድረው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ በተሠራበት ሠንጠረዥ መሠረት የመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ የሆነው ኢ-1 አራት ወር እስኪሞላው ድረስ በወር 2,144 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ አራት ወር ካለፈው በኋላ ደግሞ 2,319 ዶላር ይከፈለው ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ለሠራዊቱ ሁሉ 4.5 በመቶ ተጨምሮ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ደግሞ ከኢ-1 እስከ ኢ-4 ላሉት ሌላ 10 በመቶ ስለታከለበት ነው ቁጥሩ እዚህ የደረሰው። በጃንዋሪ 2026 እንደገና 3.8 በመቶ ጨምሯል። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ የተሠሩት በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ተመን ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ሕይወት ያገኛል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዜግነት ባይኖረውም በተራ ወታደርነት መቀጠር ስለሚችል፣ ዲቪ ደርሷቸው ወይም በቤተሰብ ተጠርተው ከሄዱ ወጣቶች መካከል ዩኒፎርም የሚለብሱ አይጠፉም። «ልጃቸው አሜሪካ ወታደር ቤት ገባ» የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ ቤት ያለው ሰው እርሳስና ወረቀት ያነሣል፤ 2,144 በዕለቱ ምንዛሪ ይባዛል፤ የወጣው ብር ደግሞ በአሥራ ሁለት ይባዛል። በዚህ ሒሳብ እቁብ የሚገባ አለ። ለኮንዶሚኒየም ቀብድ የሚከፍል፣ ለታናሽ ወንድም የሱቅ ኪራይ የሚዋዋል አለ። ነጋዴውም «ልጁ በየወሩ ይልካል» በሚል ተስፋ ዕቃ በዱቤ ይለቃል። ደላላውም የተስፋውን ቁጥር ይዞ ሻጭና ገዢ ያገናኛል።

ችግሩ ሁሉም የሚያባዙት ያልተጣራውን ደመወዝ መሆኑ ነው። የተጣራው ሌላ ነው፤ የሚከፈልበት ቀንም ሌላ ነው።

ከ2,144 ዶላሩ ላይ የሚነሣው

በሕግ የሚቀነሱት ሁለት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮዎች በመጀመሪያ ይመጣሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ መዋጮ 6.2 በመቶ ሲሆን፣ ለአረጋውያን ሕክምና የሚውለው ሜዲኬር 1.45 በመቶ ነው። የአዲስ አበባ ቀጣሪ በራሱ ፔሮል ላይ ሠራተኛው 7 አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበትን የጡረታ ሥርዓት ስለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ በአሜሪካ አሠሪና ሠራተኛ እኩል እኩል ማዋጣታቸው ነው። ወታደሩም ከ1957 ጀምሮ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። በ2,144 ዶላር ላይ የመጀመሪያው መዋጮ 132 ዶላር ከ93 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 31 ዶላር ከ9 ሳንቲም ይወስዳል። መዋጮው የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ስለሆነ አበልና ቦነስ አይነካውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ ዘመንን እርስ በርስ የሚቆጣጠሩበት ስምምነት ስለሌላቸው ሰውዬው አገር ቤት ያገለገለው ዘመን ለአሜሪካው ጡረታ አይታሰብለትም። ከዜሮ ይጀምራል።

ቀጥሎ የፌዴራል የገቢ ግብር ይመጣል። ያላገባና ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ቅጹን በትክክል ከሞላ፣ የግብር ተቀናሽ ሒሳቡ የወሩን ደመወዝ በአሥራ ሁለት አባዝቶ፣ ከግብር ነፃ የሆነውን መነሻ ቀንሶ፣ በቀረው ላይ 10 በመቶ ያሰላል። 2,144.10 በዓመት 25,729 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በ2025 የተቀናሽ ሠንጠረዥ የተሠራበት መነሻ 15,000 ዶላር ስለነበረ ግብር የሚሰላበት 10,729 ዶላር ይቀራል። አሥር በመቶው ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር 89 ዶላር ከ41 ሳንቲም ይመጣል።

ሦስተኛው የሕይወት መድን ነው። ኤስ.ጂ.ኤል.አይ በመባል የሚታወቀው ይህ መድን በ1965 የተቋቋመ ሲሆን፣ ምልምሉ ዩኒፎርም ከለበሰበት ዕለት አንሥቶ በሙሉ መጠን ይገባለታል፤ ሙሉው መጠን ከማርች 2023 ወዲህ 500,000 ዶላር ነው። ዓረቦኑ በወር 31 ዶላር የነበረ ሲሆን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 26 ዶላር ዝቅ ብሏል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ዶላር ለከባድ አካላዊ ጉዳት የሚከፈል ነው። ወታደሩ አልፈልግም ማለት ወይም መጠኑን በ50,000 እርከን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በ26 ዶላር ወርኃዊ ዓረቦን ከየትኛውም የገበያ መድን ጋር ሲመዛዘን ርካሽ ነውና የሚተወው ሰው በደንብ ቢያስብበት ይሻላል። እንዲያውም ትልቁ ስሕተት መድኑን መተው ሳይሆን የተጠቃሚውን ስም በግድየለሽነት መሙላት ነው። ያላገባ ምልምል እናቱን፣ እኅቱን ወይም የፈለገውን ሰው መጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን በፓስፖርትና በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው የስም አጻጻፍ የተለያየ ከሆነ ገንዘቡ በክፉ ቀን ይጓተታል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚቆጥር አገር እናትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው መገኘታቸው ለጸሐፊው ሁሉ ግልጽ አይሆንም።

የመጨረሻዋ 50 ሳንቲም ናት። ይህቺ ለጦር ኃይሎች የጡረተኞች መኖሪያ ቤት የምትቆረጥ ሲሆን ማንም አይከራከርባትም።

ድምሩ 279 ዶላር ከ93 ሳንቲም ነው። ለምልምሉ የሚቀረው 1,864 ዶላር ከ17 ሳንቲም ሲሆን፣ ይህም ከእያንዳንዱ ዶላር 13 ሳንቲም ያህል ተነሣ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ የክፍለ ሀገር ግብር የማይከፍል፣ ባለ ዕዳ ያልሆነና ሙሉ ወር የሠራ ሰው ሒሳብ ነው።

አራተኛው ወር ሲያልፍ

ብዙ ምልምል የሚደናገረው ከአራት ወር በኋላ ነው። ደመወዙ ከ2,144 ወደ 2,319 ዶላር ከፍ ሲል 174 ዶላር ከ90 ሳንቲም ጨመረ ማለት ነውና ለቤተሰቡ የሚልከውን በዚያው ልክ ለማሳደግ ቃል ይገባል። ወረቀቱ ሲመጣ ግን እጁ ላይ የደረሰው ጭማሪ 40 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ምክንያቱ ቲ.ኤስ.ፒ ነው። ስሪፍት ሴቪንግስ ፕላን ተብሎ የሚጠራው የመንግሥት ሠራተኞች የቁጠባ ፈንድ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 በኋላ ለገባ ወታደር የጡረታው አንድ እግር ሆኗል። ምልምሉ አገልግሎት በጀመረ በ60 ቀኑ ምንም ሳይፈርም 5 በመቶ ደመወዙ ወደዚህ ፈንድ መሄድ ይጀምራል። ከኦክቶበር 2020 በፊት የገቡት በ3 በመቶ ነበር የሚጀምሩት። እንግዲህ በ2,319 ዶላር ላይ ስሌቱን እንደገና ብንሠራው ሶሻል ሴኩሪቲ 143.78፣ ሜዲኬር 33.63፣ የፌዴራል ግብር 95.31፣ መድን 26 ዶላር፣ የጡረተኞቹ ቤት 50 ሳንቲም፣ ቲ.ኤስ.ፒ ደግሞ 115.95 ይሆናል። የተጣራው 1,903 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጋር ሲነጻጸር ብልጫው 39 ዶላር ከ66 ሳንቲም ብቻ።

ሆኖም 115 ዶላሩ ወጪ አይደለም፤ የራሱ ገንዘብ ነው። ግብሩም ከዚያ ገንዘብ ላይ ወደ ፊት ተላልፎለታል። ከዚህም በላይ መንግሥት ከ60 ቀን በኋላ ከራሱ ኪስ 1 በመቶ በወታደሩ ስም ያስገባል፤ ሁለት ዓመት ከሞላ ወዲያ ደግሞ ወታደሩ 5 በመቶ እስካዋጣ ድረስ ተጨማሪ 4 በመቶ ያክልለታል። በዚያን ጊዜ መሠረታዊ ደመወዙ 3,000 ዶላር የደረሰ ወታደር 150 ዶላር ሲያስቀምጥ መንግሥት ሌላ 150 ዶላር ያስቀምጥለታል ማለት ነው። በገበያ ቋንቋ በተቀመጠበት ዕለት መቶ በመቶ ያተረፈ ገንዘብ ነው። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ ዕቃ የለም።

አደጋው የሚመጣው ምልምሉ ለቤት ብዙ ለመላክ ሲል «ይህን ተቀናሽ አቁሙልኝ» ሲል ነው። በወር መቶ ዶላር ገደማ ወደ እጁ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን የመንግሥቱ ማሟያ የሚመጣው እሱ ባዋጣው ልክ ነውና ያላዋጣ ማሟያ አያገኝም። ሕጉ ራሱ ይህን የተገነዘበ ይመስላል፤ መዋጮውን ያቋረጠ ወታደር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ላይ እንደገና በ5 በመቶ ይመዘገባል፤ ካልፈለገ ደግሞ እንደገና ያቋርጣል። ደመወዙ በድንገት ጃንዋሪ ላይ ቀነሰብኝ የሚል ወታደር ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ስለ አዲሱ የጡረታ ሥርዓት ካነሣን፣ 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር ቀድሞ የመሠረታዊ ደመወዙን ግማሽ ዕድሜ ልኩን ያገኝ ነበር። ከ2018 በኋላ የገባው ግን 40 በመቶ ነው የሚያገኘው። የቀረው አሥር በመቶ በቲ.ኤስ.ፒው እንዲካካስ ነው የታሰበው። 20 ዓመት የማይቆየው ብዙኃኑ ወታደር ቀድሞ ባዶ እጁን ይወጣ ስለነበር አዲሱ ሥርዓት ለእርሱ የተሻለ ነው፤ አዋጥቶ ከሆነ።

ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን

የአሜሪካ ወታደር ደመወዝ በወር ሁለት ጊዜ፣ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን በቀጥታ ባንክ ይገባል። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ከሆነ ቀደም ብሎ ባለው የሥራ ቀን ይከፈላል። ስለዚህ 1,864 ዶላሩ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በየ15 ቀኑ 932 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚህም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ የሚወጣው የደመወዝ መግለጫ፣ ወታደሮቹ ኤል.ኢ.ኤስ የሚሉት ወረቀት፣ በግራ በኩል የሚገባውን ክፍያ፣ በመካከል ተቀናሹን፣ በቀኝ ደግሞ በወታደሩ ፈቃድ ለሌላ ወገን የሚተላለፈውን ገንዘብ ያሳያል። በወሩ አጋማሽ የተከፈለው 932 ዶላር በዚህ ወረቀት ላይ የሚታየው ከተቀናሾች መካከል ነው። አዲስ ወታደር «932 ዶላር ተቆረጠብኝ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የወረቀቱን ፎቶግራፍ ለቤተሰቡ ቢልክ ደግሞ ቤተሰቡ ልጃቸው ተበድሯል ወይም ተቀጥቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያ ገንዘብ ቀድሞ የተቀበለው ነው እንጂ አልተቆረጠበትም።

የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ደግሞ ብቻውን ይታያል። ለወታደራዊ ደመወዝ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን እንዳለው ሆኖ ይቆጠራል። በወሩ በ10ኛው ቀን የገባ ምልምል የ21 ቀን ደመወዝ ነው የሚታሰብለት፤ በቀን 71 ዶላር ከ47 ሳንቲም ስለሚመጣ ያልተጣራው 1,500 ዶላር ገደማ ይሆናል። ፋይሉ እስኪከፈትና የባንክ ቁጥሩ እስኪመዘገብ የአጋማሹ ክፍያ ሊያልፈው ስለሚችል የመጀመሪያውን ገንዘብ በሚቀጥለው ወር መግቢያ ላይ ቢያይ የሚያስገርም አይሆንም። በዚያ ላይ ምልምሉ ሥልጠና ጣቢያ እንደደረሰ ለሩጫ ጫማ፣ ለሳሙና፣ ለጸጉር መቆረጫና ለመሳሰለው የሚያውለው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠዋል። ዩኒፎርሙ ከመንግሥት ነው፤ ይህ ቅድሚያ ግን ብድር ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞች ላይ ተመልሶ ይነሣል።

መሠረታዊ ሥልጠናው አሥር ሳምንት ነው። ፎርት ጃክሰን፣ ፎርት ሲል፣ ፎርት ሌናርድ ውድ ወይም ፎርት ቤኒንግ የገባ ሰው በዚህ ጊዜ ስልኩን እንደልቡ አይዝም፤ ወደ ገንዘብ ማስተላለፊያ ሱቅም ሊወጣ አይችልም። ደመወዙ በባንክ ቢገባም ወደ አዲስ አበባ የሚልከው የለም። ከቤት ሳይወጣ ከሚያምነው ዘመድ ጋር የጋራ ሒሳብ የከፈተ ሰው ይህን ችግር አቃልሎታል። ያልከፈተ ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ወር ከግማሽ ባዶ እጁን መጠበቅ እንዳለበት አስቀድሞ ቢነገረው፣ በዚያ ጊዜ የሚወርድ እቁብም ሆነ የሚደርስ ቼክ አይኖርም ነበር።

ቀለብ፣ ቤትና የክፍለ ሀገር ግብር

ለምልመላ የወጣው ወረቀት «የቀለብ አበል፣ የቤት አበል» ይላል። እውነት ነው፤ ሁለቱም አሉ፤ ግብርም አይነካቸውም። የቀለብ አበሉ በ2025 ለተራ ወታደር በወር 465 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነበር። ይሁንና በካምፕ የሚኖርና በመመገቢያ አዳራሽ የሚበላ ወታደር አበሉ በአንድ እጅ ተሰጥቶ አብዛኛው በሌላው እጅ ይወሰድበታል። ሥልጠና ላይ ያለው ምልምል ደግሞ የሚበላው ከመንግሥት ስለሆነ ይህን ገንዘብ በእጁ ይዞ ለቤተሰብ አይልክም። የቤት አበልም ባላገባና በካምፕ በሚያድር ወታደር እጅ አይገባም።

ያገባ ሰው ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሚስትና ልጅ ያለው ወታደር እንደሚኖሩበት ከተማ የኪራይ ዋጋ የቤት አበል ያገኛል፤ ውድ በሆኑ ከተሞች ይህ አበል ከኢ-1 ደመወዝ ጋር የሚፎካከርበት አለ። ቤተሰቡ ያለ ዓረቦን የሕክምና ሽፋን ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን የጋብቻና የልደት ማስረጃው ቀርቦ ቤተሰቡ በመዝገብ ሲገባ ነው። ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ተርጓሚ ፍለጋ ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የማይገባው አበል በስሕተት ለወራት ሲከፈለው ዝም ያለ ወታደር ነው፤ ፋይናንስ ስሕተቱን ባገኘ ዕለት ገንዘቡን በሙሉ እንደ ዕዳ ቆጥሮ ከደመወዙ ያነሣል። ጥፋቱ የጸሐፊው ነበር ማለት ዕዳውን አያስቀርም።

የክፍለ ሀገር ግብር ሁለት ጎረቤት አልጋ ላይ የሚተኙ ምልምሎችን ደመወዝ ይለያያል። ወታደር በትእዛዝ በሚሠለጥንበት ክፍለ ሀገር ደመወዙ አይቀረጥም፤ የሚቀረጠው በሕጋዊ መኖሪያው ነው። ከዳላስ ወይም ከሲያትል የሄደው ቴክሳስና ዋሽንግተን የደመወዝ ግብር ስለሌላቸው ምንም አይቆረጥበትም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የሄደው ግን የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆነ በእነዚያ ሕግ ይቆረጥበታል። አንድ ማዕረግ፣ አንድ ደመወዝ፣ ሁለት የተለያየ የተጣራ ገንዘብ።

ከግብሩ ተመላሽም አለ። ከላይ እንደታየው የወሩ ተቀናሽ የሚሰላው ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ተደርጎ ነው። ሌላ ገቢ ሳይኖረው በሴፕቴምበር መግቢያ የተቀጠረ ምልምል እስከ ዓመቱ ማብቂያ የሚያገኘው 8,600 ዶላር ገደማ ስለሆነ ከግብር ነፃ ከሆነው መነሻ በታች ነው። የተቀነሰበት ከ300 ዶላር በላይ የፌዴራል ግብር እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ ቅጹን ሲሞላ ይመለስለታል። መከላከያው ለወታደሮቹ ያዘጋጀው ሚልታክስ የተባለ አገልግሎት ይህን ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በመንገድ ላይ ላለ ግብር አስሊ መክፈል አያስፈልግም። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን አይመለሱም።

ዲግሪና ቦነስ

ከመፈረም በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ ከሁሉም ተቀናሽ የሚበልጥ ገንዘብ ያመጣል። የምድር ጦሩ 24 የኮሌጅ ክሬዲት ያለውን በኢ-2፣ 48 ያለውን በኢ-3፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ደግሞ በኢ-4 ይቀጥራል። በ2025 የኢ-4 መነሻ ደመወዝ በወር ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከምልምሉ 2,144 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከ800 ዶላር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ የሄደ ሰው ዲግሪው በአሜሪካ በታወቀ የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ታይቶ መመዘን ይኖርበታል። የግምገማው ዋጋ ከአንድ ወር ልዩነት ያነሰ ነው። ትራንስክሪፕቱ አገር ቤት ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በኢ-1 የፈረመ ሰው በየወሩ የሚያጣውን በጣቱ ሊቆጥር ይችላል። ይህም በአዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ሊሠራለት የሚችለው ብቸኛ ሥራ ነው፤ ሬጅስትራሩ በር ላይ መሰለፍ።

ቦነስ ደግሞ ሌላው የወሬ ምንጭ ነው። የምድር ጦሩ በጃንዋሪ 2022 እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የመቀጠሪያ ቦነስ ማስታወቁ ይታወሳል። «እስከ» የሚለው ቃል መነበብ አለበት፤ መጠኑ በሙያው ዓይነት፣ በውሉ ዓመትና ለመሄድ ባለው ፈቃደኝነት ይወሰናል። ገንዘቡም በፊርማው ዕለት አይሰጥም፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ክፍሉ ለደረሰ ነው። ሲከፈልም 22 በመቶ የፌዴራል ግብር በቅድሚያ ስለሚያዝ 10,000 የተባለለት ሰው 7,800 ያያል። ውሉን ሳይጨርስ የወጣ ደግሞ ያልሠራበትን ድርሻ እንዲመልስ ይጠየቃል። እንግዲህ ቦነስን አስቀድሞ በቀብድ ያስያዘ ቤተሰብ ገና ያልተወለደ ጥጃ ሸጧል።

ለትምህርት የሚቆረጠውንም ማንሣት ይገባል። የድሮው ሞንጎመሪ ጂ.አይ ቢል ውስጥ የሚገባ ወታደር ለ12 ወራት በየወሩ 100 ዶላር፣ በድምሩ 1,200 ዶላር ይቀነስበታል። ከ2001 ሴፕቴምበር 11 ወዲህ ላገለገሉ የወጣው አዲሱ የትምህርት ድጋፍ ግን ምንም መዋጮ አይጠይቅም። ምን እንደፈረመ ሳያውቅ መቶ ዶላሩ ሲቆረጥበት ያየ ወታደር የት እንደሄደ ሊጠይቅ ይገባል።

በሩ ላይ የቆመው ሻጭ

ሥልጠናው አልቆ ወታደሩ ክፍሉ ሲደርስ ባንክ ውስጥ የተጠራቀመ የጥቂት ወራት ደመወዝ፣ ምናልባትም ቦነስ ይዟል። ቤት ኪራይ የለበትም። ደመወዙ ቋሚ መሆኑን፣ በወር ሁለት ጊዜ መግባቱን፣ ዕዳ አለመክፈል በወታደር ቤት የሚያስጠይቅ መሆኑን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቁት በካምፑ አካባቢ ያሉት ሻጮች ናቸው። ለዚህም ነው በየጦር ሰፈሩ መውጫ የመኪና መሸጫና የፈጣን ብድር ቤት የሚበዛው።

ቀደም ሲል ሻጮቹ የሚወዱት መንገድ አሎትመንት ነበር፤ ማለትም የዕቃው ዋጋ ከደመወዙ ላይ በቀጥታ ተቆርጦ ለነጋዴው እንዲተላለፍ ወታደሩ ሲፈቅድ። ነጋዴው ቀድሞ ይወስዳል፤ ወታደሩ የተረፈውን። መከላከያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ቴሌቪዥን፣ የቤት ዕቃ፣ መኪና የመሰለ ንብረት ለመግዛት ወይም ለመከራየት አዲስ አሎትመንት እንዳይከፈት ከልክሏል። ለቁጠባ፣ ለቤተሰብ መርጃና ለመሳሰለው ግን አሁንም ይፈቀዳል።

በ2006 የወጣው የወታደር ብድር ሕግ ደግሞ ለወታደርና ለቤተሰቡ በሚሰጥ ብድር ላይ ወለድና ክፍያ ተደምሮ በዓመት ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በ2015 ክሬዲት ካርድንና ሌሎች የብድር ዓይነቶችን እንዲያካትት ተስፋፍቷል። ሠላሳ ስድስት በመቶ ራሱ ርካሽ አለመሆኑ ለነጋዴ ሰው አይነገርም። ትልቁ ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። መኪና ለመግዛት የሚወሰድና መኪናው ራሱ መያዣ የሆነበት ብድር ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። አገሩን ለቆ ከመጣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው፣ የብድር ታሪክ የሌለው ወጣት ኢትዮጵያዊ ለሻጩ «አደገኛ ተበዳሪ» ተብሎ ይመደባልና ከፍተኛው ወለድ የሚለጠፈው በእርሱ ላይ ነው።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። በአራተኛው ወር የተጣራው 1,903 ዶላር ላይ የመኪና ወርኃዊ ክፍያ 500፣ የመኪና መድን 200፣ ነዳጅና ስልክ 200 ቢነሣ 1,003 ዶላር ይቀራል። ከዚያ ላይ ልብስ፣ ምግብ ከካምፕ ውጭ፣ ትኬት ለመግዛት የሚጠራቀም አለ። «በየወሩ 1,000 ዶላር ይልካል» ተብሎ አዲስ አበባ ላይ በዱቤ የተለቀቀው ዕቃ ዋስትናው እዚህ ላይ ያልቃል። ያው ወታደር ያለ መኪና አንድ ዓመት በካምፕ ቢቆይ ግን የመኪናው 700 ዶላር በየወሩ በእጁ ስለሚቀር፣ በዓመቱ ከ8,000 ዶላር በላይ ይዞ መኪናውን በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት ይደርሳል።

ልጁ ወታደር የሆነለት ደንበኛ በዱቤ ዕቃ ሲጠይቅ ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው የደመወዙን ሠንጠረዥ አይደለም። የመጨረሻውን ወር ኤል.ኢ.ኤስ ነው፤ በተለይም በቀኝ በኩል ያለውን አሎትመንትና ከታች የተመለከተውን ዕዳ። ወረቀቱን የሚያወጣው ወታደሩ ራሱ ማይፔይ ከተባለው የመከላከያ ፋይናንስ አገልግሎት ነው። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን ሸፍኖ መላክ ይኖርበታል።